የወንዝ ሐረግ ብዬ ፈረምሁ

ዛሬ በሽንፋ ወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ይህን ተክል የወንዝ ሐረግ ይለዋል። ወንዙ ግን አያውቀውም ነበር። ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳስመጣው፣ ማን ውኃ እያጠጣ እንዳሳደገው እኔ አውቃለሁ። ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። አበባውን አትመልከቱ። አበባው ያምራል፤ ሰው የሚሳሳተውም በእሱ ነው። ነጣ ያለ ሐምራዊ ነው፣ አፉ እንደ መለከት የተከፈተ። እሱን ተዉትና ቅጠሉን እዩ። ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ወፍራም ነው፤ ቅቤ እንደ ተቀባ ያብለጨልጫል። ከዚያ ቁረጡት። ነጭ ወተት ይንጠባጠባል። ከዚያ ፍሬውን ፈልጉ። እንደ በሬ ቀንድ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ጥንድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩን ከነጥጡ ለነፋስ ይሰጣል። እውነተኛው የወንዙ ሐረግ እንዲህ አይደለም። ቅጠሉ ስስና ሻካራ ነው፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ውኃ ነው፣ ቀንድ የሚመስል ፍሬ የለውም። ይህን ለመለየት ብዙ መማር አያስፈልግም። እኔ የለየሁት ገና ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው። የቸገረኝ መለየቱ አልነበረም።

ወደ ቆላው ከበለሳ የወረድሁት እንደ ሰዉ ሁሉ ሰሊጥ ለማጨድ ነው። ወባ ጣለኝ። አብረውኝ የመጡት አጨዳው ሲያልቅ ወደ ደጋ ተመለሱ፤ እኔን ከመንግሥት እርሻው መጋዘን ጥግ ትተውኝ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ሳልሞት ስቀር ዘበኛ አደረጉኝ። ከዚያ ደግሞ አትክልተኛ አሉኝ። አትክልት ግን አልነበረም። ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ያለው ጥቁር መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ጫማ ይነቅላል።

ሥራ አስኪያጁ የትልቅ ከተማ ሰው ነው። አገሩን አልወደደውም፤ አገሩም አልለመነውም። በሣር በተከደነው ራኩባ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ ላቡን እየጠረገ፣ «እዚህ አገር አበባ የሚባል ነገር አልተፈጠረም» ይል ነበር። በሐምሌ ሜዳው ቢጫና ነጭ ለብሶ ዓይን ያደክማል። በሐምሌ ግን እሱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው።

አንድ የሎሪ ሾፌር ነው ሐረጉን ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ያመጣለት። ከወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የተተከለ አንድ ስንዝር የማይሞላ እንጨት ነው፤ አራት ቅጠል ነበረው። ሥራ አስኪያጁ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህ ከሞተ አንተም እዚህ የለህም» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ፤ ፊቱን ሳየው ቀልድ አይደለም። እናም አጠጣሁት። እኔ የምጠጣው ውኃ ባነሰበት በሚያዝያ አጠጣሁት። በዓመቱ በሩ ላይ ያቆምነውን የቀርከሃ ቅስት ሸፈነው፤ ቅስቱ ላይ የተሰቀለውን የመዶሻና የማጭድ ምልክት ዋጠው፤ አጠገቡ ያለውን የላሎ ዛፍ ጫፉ ድረስ ወጥቶ አነቀው። አበባው ሲፈነዳ ከመተማ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያደንቃል። ሥራ አስኪያጁ «እኔ ነኝ ያስመጣሁት» ይላል። ያኔ እሱ ነበር ያስመጣው።

ውኃ የሚያመላልሱት ሽማግሌ ያገሬ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ከበለሳ። ሰባት አህዮች ይነዳሉ። አህዮቹ የእርሻው ናቸው፤ ይህን ግን ለሽማግሌው የሚነግር ሰው አልነበረም። ከወንዝ ውኃ በጀሪካን እየጫኑ ማሳ ላይ ለሚውለው ሠራተኛ ያደርሳሉ። አህያ አዛዥ ናቸው ብሎ ሰዉ «ሻለቃ» አላቸው። እሳቸውም ቀልዱን ተቀብለው ለአህዮቹ ማዕረግ ሰጡ። ግራጫው ሃምሳ አለቃ ነው፤ ጆሮ ቆራጣው አስር አለቃ።

«ሻለቃ፣ ጦሩ እንዴት አደረ?» ይላቸዋል ሰሊጥ አጫጁ።

«ጦሩስ ደኅና ነው። እንደ እናንተ አያጉረመርምም እንጂ እሱም ስንቅ የለውም።»

አንድ ልጃቸው ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም።

የመሠረተ ትምህርት ሲጀመር ከሥራ በኋላ ከራኩባው ሥር እየሰበሰቡ አስቆጠሩን። የእርሻው ጤና ረዳት ነበር የሚያስተምረን። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ጢም አብቅዬ፣ «ሀ» ስል አፍሬ ነበር፤ ከዚያ ግን ያዘኝ። ስሜን መጻፍ በቻልሁ ዕለት መሬቱ ላይ በዱላ ጽፌው እንዳይረገጥ ድንጋይ ከበብሁበት። ሽማግሌው ግን እንቢ አሉ። ስማቸው በቀሪነት ተይዞ ሲጠሩ፣ «እኔ ይቅርብኝ፤ አህዮቹ ደብዳቤ አይጽፉልኝም» ብለው ሳቁ። ይህም ተመዘገበባቸው።

በነሐሴ መጨረሻ ለአብዮቱ በዓል ቅስቱ እንዲጸዳ ታዘዝሁ። ሐረጉን በገጀራ ከረከምሁት፤ ቁርጥራጩ ከቁመቴ በላይ ተከመረ። ሽማግሌው ከወንዝ ሲመለሱ አይተው ቆሙ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ላቃጥለው ነዋ።»

«እርጥብ ነገር ይነዳል? በረቱ ፈርሷል። ጅብ ማታ ማታ እየመጣ ያሸታል። ለእኔ ስጠኝ፣ አጥሩን ላስርበት።»

አንዱን አንስተው በጥርሳቸው ቦጨቁት። ወተቱ ከንፈራቸው ላይ ነጣ፤ እንትፍ አሉ። «መራራ ነው። እንዲህ ወተት ካለውማ ከብት አይነካውም። አገራችን በቅንጭብ አይደል የምናጥረው?»

እኔም አሰብሁ። ቅንጭብ ወተት አለው፣ ቁልቋል ወተት አለው፤ በአባቴ ደጅ ሁለቱም አጥር ሆነው ሲኖሩ በሬም አህያም ቀምሷቸው አያውቅም። «እውነትዎን ነው» አልሁ። ሁለት ደገኞች ቆላ ወርደን፣ ከሌላ አገር የመጣ ተክል ይዘን፣ በአባቶቻችን አጥር ፈረድንበት። ስሕተቱ ይህ ነው። አልደብቀውም፤ የሁለታችን ነው።

አብረን አጠርን። እኔ ቆረጥሁ፣ እሳቸው አሰሩ። የተረፈውን ግንድ ግንዱን ከሥር ሥሩ መሬት ውስጥ ቸከልነው። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፤ ሁሉም ጸደቀ። በጥቅምት በረቱ በቅጠል ተሸፈነ። ሽማግሌው እየዞሩ ያዩትና፣ «ሥራ አስኪያጁ አንድ ጣሳ አለው፣ እኔ አጥር ሙሉ አለኝ» ይላሉ። እውነትም ያምር ነበር።

የካቲት ሲገባ ምድሩ ነደደ። ሣሩ ገለባ ሆነ፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ጣለ። ከአድማስ እስከ አድማስ አረንጓዴ የሚባል ነገር የቀረው ሁለት ቦታ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ በርና የአህዮቹ በረት።

መጀመሪያ የወደቀው ሃምሳ አለቃው ነው። ጠዋት ደኅና ወጣ። ከወንዝ ውኃ ጭኖ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጎኑ ተንቀጠቀጠ፤ እግሩ ታጠፈ። ጀሪካኖቹ እየተንከባለሉ ወንዝ ወረዱ። ሽማግሌው ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ ሞቶ ነበር። ገንዲ ነው፣ ዝንብ የሚያመጣው የከብት በሽታ ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን ሁለት አህዮች እዚያው ዳገት ላይ አንድ ላይ ወደቁ። ገንዲ እንዲህ አይገድልም፤ እያከሳ ነው የሚገድለው። በማግስቱ አራተኛው። ማሳ ላይ ያለው ሠራተኛ ውኃ አጥቶ ሥራ ቆመ፤ ሥራ መቆሙም ከበላይ ተሰማ።

የአካባቢው ካድሬ ደረሰ። በዕድሜ የሽማግሌው ልጅ ሊሆን የሚችል ነው። ሽማግሌውን ከራኩባው ሥር አቁሞ፣ ሁላችንም እየሰማን ጠየቃቸው።

«ሻለቃ የሚሉህ ለምንድን ነው? የማን ሻለቃ ነህ?»

«የአህያ ነኝ ጌታዬ።»

«‹ሃምሳ አለቃው ሞተብኝ› ብለሃል። የትኛው ሃምሳ አለቃ?»

«ግራጫው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ካድሬው ሳቁን በሽማግሌው ላይ ጻፈው። ልጅህ የት ነው አላቸው። አሻጥር የሚለው ቃል ያን ዕለት ወጣ፤ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አልነበረም። መጋዘን ውስጥ ቆለፉባቸው፤ ቁልፉን እንድጠብቅ ለእኔ ሰጡኝ። ዘበኛ ነኝና። በዚያ ዘመን ለአሻጥር የሚሰጠውን ፍርድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የቀረላቸው ተስፋ አህዮቹን የገደለው ምን እንደ ሆነ መታወቁ ብቻ ነው።

በረቱን ዞሬ ያየሁት በዚያው ቀን ነው። አጥሩ እስከ አህያ አንገት ድረስ ተግጧል። ከዚያ በላይ ቅጠሉ እንዳለ ነው፣ ከዚያ በታች እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። ሌላ የሚበላ ሲጠፋ መራራውንም በልተዋል። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ወደ ወንዝ ወረድሁ፣ የወንዙን ሐረግ ፈልጌ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥሁ። አንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዱ ሻካራ ነው። አንዱ ወተት፣ አንዱ ውኃ። አንዱ ባለ ቀንድ ነው።

አሁንም ግን አላመንሁም። አንዲት ፍየል ነበረችኝ፣ የምታለብ። ቅጠሉን አድርቄ ከገለባ ጋር ቀላቅዬ ሰጠኋት፤ በላች። ምንም አልሆነችም። ፀሐይ ዘንበል ሲል ወንዝ አውርጄ ዳገቱን መልሼ ነዳኋት። አህዮቹ የወደቁበት ቦታ ሳትደርስ ተንበረከከች። ዓይኗን አላየሁም፤ ማየት አልፈለግሁም። ይኸው እንግዲህ፣ አወቅሁ፤ መርዙ የበላውን የሚጥለው ዳገት ሲያደክመው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ።

«ጓድ፣ አህዮቹን የገደለው ሐረጉ ነው» አልሁት።

«የትኛው ሐረግ?»

በመስኮቱ አሳየሁት። አበባው ይነቀነቃል። እሱ አላየውም፤ እኔን ነው የሚያየው። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

«ማነው የተከለው?»

«እርስዎ አስመጥተው...»

«ማነው የተከለው ነው ያልሁህ።»

«እኔ።»

«ያጠጣውስ?»

«እኔ።»

«ቆርጦ ለሽማግሌው የሰጠውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«በረቱ ላይ ያሰረውስ?»

«አብረን ነን።»

«እንግዲያ አሻጥሩ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ሰው ነዋ» አለ። አልተቆጣም። እንዲያውም ያን ቀን ሲጋራ ሰጠኝ። «ካድሬው አጥሩ የተሠራበትን ዕፅ በጽሑፍ ይፈልጋል። አትክልተኛው አንተ ነህ፤ መጻፍም ችለሃል ይሉኛል። የምታውቀውን ጻፍ።»

የምታውቀውን ጻፍ ነው ያለኝ። ይህን አልረሳም፤ ዋሽ አላለኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አመቻችቶ፣ የራሱን እስክርቢቶ ሰጥቶኝ ወጣ። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። እንዲህ ጻፍሁ፦ «የአህዮቹ በረት አጥር የታሰረው በወንዝ ሐረግ ነው። የወንዝ ሐረግ ከብት አይገድልም።» ሁለቱ መስመር ከሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ሁለተኛው መስመር እኮ እውነት ነው፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ከዚያ ፈረምሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው።

ሽማግሌውን በሎሪ ሊወስዷቸው ሲመጡ መጋዘኑን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ፈለጉኝ።

«አለህ?»

«አለሁ አባቴ።»

«የቀሩትን ሦስቱን ውኃ አጠጣልኝ። አስር አለቃው ካልተገፋ አይጠጣም፤ አንገቱን ይዘህ ነው።»

ሌላ ነገር አላሉኝም። ሎሪው አቧራውን አስነስቶ በጎንደር መንገድ ሄደ።

ያን ዕለት የበረቱን አጥር ነቅዬ አቃጠልሁት። ጢሱ ዓይኔን አነደደኝ፤ ሳምንት ሙሉ አበጠ። ሰው ሲያየኝ ለሽማግሌው ያለቀስሁ መሰለው፤ አላስተባበልሁም። ከዚያ በኋላ አንድም አህያ አልሞተም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። የጽሕፈት ቤቱን ሐረግ ግን አልነካሁትም። ማጠጣቴን ቀጠልሁ። ፍሬው በዚያው ወር ተሰነጠቀ፤ ነጭ ጥጡ እየበረረ ወደ ወንዙ ሲሄድ መጥረጊያዬን ተደግፌ አየሁት።

ሽማግሌው ከሁለት ክረምት በኋላ በእግራቸው መጡ። አልገደሏቸውም፤ ምሕረት ነው ብለው ለቀቋቸው። እኔ ከወንዙ ዳር ሆኜ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። አላወቅኋቸውም ነበር፣ ሲስቁ ነው ያወቅኋቸው።

«እንዴት ሰነበትህ፣ ጸሐፊው?»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥሁ።

«እስር ቤት ፊደል አስቆጠሩኝ» አሉ፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «ከራኩባው ትምህርት ሸሽቼ እዚያ ያዙኝ። መዝገቤን ሲያሳዩኝ ያንተን ወረቀት አገኘሁት። ራሴ አነበብሁት። ጽሕፈትህ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይወላገዳል እንጂ።»

«አባቴ...»

«ቆይ። የወንዝ ሐረግ ብለሃል። ወንዙ ይኸውና፤ አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ሁለቱንም። በዚያን ጊዜ የገዳሪፉ ሐረግ ወንዙ ዳር መብቀል ጀምሮ ነበር፣ ጉልበት ድረስ። እሳቸው እንደ ልጅ እየጠየቁ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ወተቱን በጣታቸው እየነኩ አዩት። ከዚያ፣ «እኔም ነኝ ወተት አለው ብዬ ያሳሳትሁህ» አሉ። ይህን ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

የመጡት ለጠብ አልነበረም፤ ወረቀት ፈልገው ነው። ሳንጃ የገበሬ ማኅበር ሊገቡ፣ መሬት ሊያገኙ ይፈልጋሉ። በመዝገባቸው ላይ ግን አሻጥር የሚለው አልተፋቀም፤ ምሕረት ተደረገለት ነው የሚለው፣ ጥፋት የለበትም አይልም። «አህዮቹን የገደለው ይህ መሆኑን ጻፍልኝ። ማን እንዳስመጣው አትጻፍ፣ ግድ የለኝም። ይህ ሐረግ ገደላቸው በል፤ አትክልተኛው ነኝ በል፤ ፈርም።»

ቤቴ ወስጄ ጻፍሁላቸው። ሁሉንም ጻፍሁ፤ ቅጠሉን፣ ወተቱን፣ ቀንዱን፣ የፍየሌን መሞት። አንድ ገጽ ሞላ። ስጽፍ እሳቸው ከደጅ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ታች ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ አሁንም እዚያው ነው፤ ካድሬው አሁንም እዚያው ነው። ሚስት አግብቼ ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት በእጄ ተጽፎ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፣ እኔ ሁለቱን ሐረግ እንዳስቀመጥሁት።

ወጥቼ ሰጠኋቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ታች ሲደርሱ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባውን አዩ።

«ፊርማው የታለ?»

እስክርቢቶውን ቤት ውስጥ ትቼው ነበር የወጣሁት።

«በዚያኛው ላይ ነበረ እኮ» አሉ። ሲሉት ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የጠፋ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ከዚያ ወረቀቱን አራት አድርገው አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት፣ ዱላቸውን አንስተው የሳንጃን መንገድ ያዙ። ምሳ ይብሉ አላልኋቸውም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ተሻለ ቦታ ተዛወረ። ሲሄድ ከሐረጉ አንድ ቅርንጫፍ አስቆርጦ በጣሳ ይዞ ሄደ፤ የቆረጥሁለት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ወረቀቱን አውጥቼ ፈረምሁበት። ሳንጃ ድረስ ይዤው ሄድሁ። የገበሬ ማኅበሩ አልተቀበላቸውም፤ ወደ ልጃቸው ሊሻገሩ ሄዱ አሉኝ። ይድረሱ አይድረሱ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አሁን ከወንዙ ዳር እኖራለሁ። ሐረጉ ግራሩን ሁሉ አልብሶታል፤ እውነተኛውን የወንዝ ሐረግ ካየሁት ቆየሁ። በበጋ ገጀራ ይዤ እወርዳለሁ፣ እስኪደክመኝ እቆርጣለሁ፤ በክረምት የቆረጥሁት ሁሉ ያቆጠቁጣል። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። «ይህ የወንዝ ሐረግ ምን አደረገህ?» ይሉኛል። ከብታችሁን አርቁ እላቸዋለሁ፤ ሌላውን አልነግራቸውም።

ወረቀቱ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ተፈርሟል።